ሊማሊሞ፣ በቅጡ ያልተዋወቅነው ጎረቤት



ደባርቅ ተወልዶ ሊማሊሞን የማያውቅ ወጣት የለም። ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ድንገት የሚዘጋው ጉም፣ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣው አይሱዙ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ዳባት ያደገውም ቢሆን ስለ ሰሜን ተራሮች ሲሰማ ነው የኖረው። ግን እስኪ አንዱን ጓደኛችሁን «ይሄ ጥቁር ገደል ከምን ተሠራ? መቼ ተሠራ?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው ትከሻውን ሰብቆ «ድሮም እዚሁ ነው» ይላችኋል።

የሚገርመው ያው ልጅ በጂኦግራፊ ፈተና «ትራፕ ሲሪስ» የሚለውን መልስ አክብቦ ነጥብ አግኝቷል። ፕሪካምብሪያን፣ ፓሊዮዞይክ፣ ሜሶዞይክ፣ ሴኖዞይክ እያለ ዘመናቱን በቃሉ ይደረድራል። ያ ሲያጠናው ያደረው «የላቫ ንብርብር» ከክፍሉ መስኮት ውጪ የሚታየው ተራራ መሆኑን ግን አላያያዘውም። ትምህርቱ በወረቀት ላይ ቀረ፤ ተራራውም በቦታው ቀረ።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። የምንኖርበት መሬት ከምን እንደተሠራ አለማወቃችን ዋጋ እያስከፈለን ነው፤ በእንጀራም በነፍስም። ይህን ለመለወጥ ደግሞ ከሩቅ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። በየከተማው ያለን ወጣቶች ልንጀምረው እንችላለን። ምክንያቴን ላስረዳ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ስለ ዘመን እናውራ። ሚሊዮን የሚለውን ቃል ጆሯችን ስለለመደው ብቻ የገባን ይመስለናል። የምድር ዕድሜ 4,540 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተብሎ ይሰላል። የራስ ደጀን ከፍታ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሮቹ የተቀራረቡት በአጋጣሚ ነው፤ ለእኛ ግን የተመቸ መለኪያ ይሆናል። ከምጽዋ ባሕር ዳር ተነስተን እስከ ራስ ደጀን ጫፍ እንውጣ፤ እያንዳንዷን የከፍታ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት እንበላት።

ስንነሳ ምድር ገና መፈጠሯ ነው። ደባርቅ ስንደርስ 2,850 ሜትር ገደማ ወጥተናል። ከግማሹ በላይ አልፏል፣ በምድር ላይ ግን አንድ እንስሳ፣ አንድ ዛፍ፣ አንዲት ሣር እንኳ የለችም። ሕይወት ያለው ውኃ ውስጥ ነው፤ እሱም በዓይን የማይታይ ደቂቅ ነው። ሳንቃበርን አልፈን ጊች ብንደርስም ያው ነው። የመጀመሪያዎቹ እንስሳት በባሕር ውስጥ ብቅ ለማለት የሚቃረቡት እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ፣ 3,926 ሜትር ላይ ስንቆም ነው። ቧሂት ጫፍ፣ 4,430 ሜትር ገደማ ስንወጣ ዘመኑ የዳይኖሰር ነው። ከዚያ ሃምሳ ሜትር ያህል ሽቅብ ስንል ዳይኖሰሮቹ የሉም።

የሰሜን ተራሮች ድንጋይስ መቼ መጣ? ጫፉ ሊደርስ ሠላሳ ሜትር ሲቀረው! ያን ያህል ግዙፍ ተራራ በምድር ዕድሜ ሲለካ ትናንት የተወለደ ነው። እኛን የሚመስል ሰው አጥንት እስካሁን ከተገኘው ሁሉ የቆየው ሞሮኮ ውስጥ ጀበል ኢርሁድ የተገኘው ሲሆን 300,000 ዓመት ገደማ ይገመታል፤ በኛ መለኪያ 30 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ተኩል። ሶሓባዎች ወደ ሐበሻ ከተሰደዱ ወዲህ ያለው 1,400 ዓመት ደግሞ 1.4 ሚሊ ሜትር ነው። የአንድ ሳንቲም ውፍረት።

ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረው ዘመን በጂኦሎጂ ኦሊጎሲን ይባላል። ከ33.9 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያለውን ጊዜ ይሸፍናል፤ ሴኖዞይክ በሚባለው ታላቅ ዘመን ውስጥ ካሉት ምዕራፎች አንዱ ነው። በዚያ ዘመን ምድር መቀዝቀዝ ይዛ ነበር፤ የአንታርክቲካ በረዶ መከማቸት የጀመረው ያኔ ነው። በኛ በኩል ግን እሳት ነበር።

ከምድር ጥልቅ እጅግ የጋለ ዐለት ሽቅብ ገፍቶ መሬቱን አሳበጠው፣ ከዚያም ሰነጣጠቀው። እሳተ ገሞራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሾጣጣ ተራራ ከጫፉ ጭስ ሲተፋ ነው። ይሄ እንደዚያ አልነበረም። ላቫው የወጣው ከረጃጅም ስንጥቆች ነበር፤ እንደ ጎርፍ ሜዳውን እየሸፈነ ሄደ፣ ቀዘቀዘ፣ ሌላው በላዩ መጣ። ልክ በምጣድ ላይ እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደመደራረብ። እንዲህ እየሆነ ሊማሊሞ አካባቢ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ የድንጋይ ክምር ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት አብዛኛው ክምር የወጣው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። በጎጆ ቤት ዕድሜ ረጅም ነው፣ በምድር ዕድሜ ግን እንደ ዶፍ ዝናብ ነው። ዛሬም ከተሸረሸረው የተረፈው በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ወደ 600,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። የጎንደርም፣ የጎጃምም፣ የወሎም፣ የሸዋም ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው የዚህ ቤተሰብ ነው። በከተማችሁ የተነጠፈው ኮብልስቶን፣ እናቶቻችን የፈጩበት ወፍጮና መጅ ከዚሁ የወጣ ነው ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም። ወሎ ደላንታ ወገል ጤና ላይ ወጣቱ ገደል ተንጠልጥሎ የሚቆፍረው ኦፓልም የሚገኘው በዚሁ ዘመን የእሳተ ገሞራ ንብርብር ውስጥ ነው።

«ትራፕ» የሚለው ቃል ራሱ ከስዊድን ቋንቋ የመጣ ነው፤ ደረጃ ማለት ነው። ከደባርቅ አፋፍ ቆማችሁ ወደ ታች ብታዩ ስሙ ለምን እንደተሰጠው ትረዳላችሁ። ገደል፣ ከዚያ ሜዳ፣ እንደገና ገደል፣ እንደገና ሜዳ። ጠንካራው ላቫ ገደል ሆኖ ይቆማል፤ በመካከል ያለው ለስላሳ ንብርብር ይሸረሸርና መደብ ይሆናል። መንገዱ በቆረጠው ግድግዳ ላይ በጥቁሩ ድንጋይ መካከል አልፎ አልፎ ቀይ መስመር ታያላችሁ። ያ ላቫው ፋታ ሲሰጥ የተፈጠረ አፈር ነው። ዝናብ ዘንቦበት፣ ዕፅዋት በቅሎበት፣ በኋላ አዲስ ላቫ መጥቶ ጠበሰው። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የምታዩት ጣሊያን በወረራው ዘመን ለጦሩ ብሎ የቆረጠው መንገድ ስላለ ነው። ለክፉ ያሰበው ነገር ለመልካም ዋለ።

በዚህ ክምር ላይ ደግሞ የሰሜን እሳተ ገሞራ ራሱን ችሎ ተነሳ። ቅርጹ እንደ ተደፋ ጋሻ ሰፊና ዘርጋ ያለ ነበር። ራስ ደጀንና ቧሂት የዚያ ጋሻ ቅሪቶች ናቸው። ዛሬ የምናያቸው ሹልና ሸንተረር ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው፤ መሬቱ ከፍ ሲል የተከዜ ገባሮች እየቆረጡት፣ በኋላም በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ከፍታዎቹ ላይ የበረዶ ግግር ተቀምጦ እየፋቃቸው ነው። አዎ፣ ቧሂትና ራስ ደጀን ላይ የበረዶ ግግር ነበር። ገፍቶ የቆለለው ድንጋይ ዛሬም ይታያል።

«ግን 30 ሚሊዮን መሆኑን ማን ቆጠረው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በድንጋዩ ውስጥ ፖታሲየም አለ፤ ከዚያ ጥቂቱ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፣ ግማሹ ለመለወጥ 1,250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ላቫው ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲጠጥር ግን ከዚያ ወዲህ የሚፈጠረው ውስጡ ይታሰራል። የታሰረውን ጋዝ ለክተህ ስንት ጊዜ እንደቆየ ታሰላለህ። ለማረጋገጫ ሌላም ምስክር አለ። ላቫ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት የብረት ማዕድናት የዚያን ጊዜ የምድርን መግነጢስ አቅጣጫ ይይዙና እንደዚያው ይደርቃሉ። በሊማሊሞ ግድግዳ ላይ አንዳንዱ ንብርብር ወደ ሰሜን፣ አንዳንዱ ወደ ደቡብ ያመለክታል፤ የምድር መግነጢስ በዘመናት ውስጥ ስለሚገለባበጥ። በስልክ ኮምፓስ ቂብላ የምትፈልጉ ወንድሞች ያኔ ብትኖሩ ኖሮ ነገሩ ባልቀና ነበር።

አሁን ወደሚገርመኝ ነገር ልምጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቀይ ባሕር አልነበረም። የመንና ሐበሻ አንድ መሬት ነበሩ። በሰንዓ ዙሪያ ያሉት የየመን ተራሮች የተሠሩት በዚያው ዘመን፣ በዚያው እሳት ነው፤ ሊማሊሞና የየመን ከፍታ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በኋላ መሬቱ ተቀደደ፣ ዐረቢያ ተለየች፣ ባሕሩ ገባ። ዛሬም እየተራራቁ ነው፤ ፍጥነቱ ጥፍራችን ከሚያድግበት በታች ቢሆንም። ስሌቱን ብታስቡት፣ ጃዕፈርና ባልደረቦቹ በጀልባ ሲሻገሩ ባሕሩ ዛሬ ካለበት ከአሥር እስከ ሃያ ሜትር ያህል ይጠብ ነበር ማለት ነው።

ሐጅ ወይም ዑምራ የሄደ ዘመድ ካላችሁ ስለ መዲና ጥቁር ድንጋያማ ሜዳ ጠይቁት። «ሐራ» የሚባለው ያ ሜዳ ላቫ ነው፤ ድንጋዩም እንደ ሊማሊሞው ባዛልት ነው። ዕድሜው ግን ከኛው በጣም ያነሰ ነው። እንዲያውም በ654 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1256፣ ከመዲና ብዙም ሳይርቅ ፈንድቶ ለሳምንታት ነድዷል፤ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎችም መዝግበውታል። ከደባርቅ ተነስቶ መዲና የደረሰ ሰው ከጥቁር ድንጋይ ወደ ጥቁር ድንጋይ ነው የተጓዘው።

በዚያ ዘመን እዚህ ማን ይኖር ነበር? መልሱ ያለው ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ ጭልጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዚሁ ኔቸር መጽሔት በወጣ ጥናት 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእንስሳት ቅሪቶች ከጭልጋ መገኘታቸው ተገለጸ። አፍሪካ ያኔ በባሕር የተከበበች ደሴት ነበረች። አንበሳ የለም፣ ድኩላ የለም፣ የሜዳ አህያ የለም። የነበሩት የዝሆን ዘመዶች ናቸው፤ አንዱ አገጩ ላይ ወደ ታች የተቆለመመ ጥርስ ያለው። በአፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ ያለው አርሲኖይቴርም ነበር። ዛሬ ጥንቸል የሚያክለው የገደላችን ሽኮኮ ያኔ ጥጃ የሚያክሉ ዘመዶች ነበሩት። አብረው የተገኙት የቅጠል ቅሪቶች አካባቢው ጥቅጥቅ ያለ ደን እንደነበረ ይናገራሉ። ላቫው ከጎረፈ ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በኋላ መሬቱ ደን ለብሶ እንስሳ ይርመሰመስበት ነበር። ልብ በሉ፣ ሳይቤሪያ ውስጥ ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተከሰተው ተመሳሳይ የላቫ ጎርፍ በባሕር ካለው ፍጡር አብዛኛውን አጥፍቷል። የኛው እንዲያ ዓይነት ጅምላ እልቂት አላስከተለም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩ አውቃለሁ። «የሚሊዮን ዓመት ወሬ የነሱ ነው፤ ምን ያደርግልናል?» የሚል አስተያየት በየቴሌግራም ግሩፑ አይጠፋም። በተቃራኒው ደግሞ እያንዳንዱን ግኝት ከአንድ አንቀጽ ጋር አጋጥሞ «ሳይንስ ዛሬ ደረሰበት!» የሚል ቪዲዮ የሚያዘዋውር አለ። ሁለቱም አካሄድ አይዋጥልኝም። የመጀመሪያው ዕውቀትን ከነባለቤቱ ለሰው አሳልፎ ይሰጣል። ሁለተኛው ደግሞ ዲንን በሚለዋወጥ ነገር ላይ ያንጠለጥላል፤ ሳይንቲስቶች በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩን ቢያስተካክሉ ምን ሊባል ነው? የድንጋይ ዕድሜ የሚጠየቀው ድንጋዩን ነው።

ደግሞስ «የነሱ» የሚባለው ከየት መጣ? አል-ቢሩኒ (973–1048) የዐረብ በረሃ አንድ ወቅት ባሕር እንደነበረ በድንጋይ ውስጥ ከሚገኙ ዛጎሎች ተነስቶ ጽፏል። ሕንድ ሄዶ የወንዝ ድንጋይ ሲመለከት ከተራራው ሥር ያለው ትልልቅ፣ እየራቀ ሲሄድ እያነሰ፣ ከዚያ አሸዋ እንደሚሆን አስተዋለ፤ ሜዳው ወንዞች ደለል የሞሉት የቀድሞ ባሕር ነው ብሎ ደመደመ። ኢብን ሲና (980–1037) ደግሞ ተራሮች የሚፈጠሩት ወይ መሬት በመንቀጥቀጥ ወደ ላይ ሲነሳ፣ ወይ ውኃ ለስላሳውን እየሸረሸረ ጠንካራውን ሲተው እንደሆነ፣ ይህም እጅግ ረጅም ዘመን እንደሚፈጅ አስረድቷል። ጂኦሎጂ የሚባል የትምህርት ክፍል ከመኖሩ በፊት መሆኑ ነው። እነዚህ ሰዎች ሊማሊሞን ቢያዩ ቁልቁል ሲወርዱ መጋረጃ ዘግተው የሚተኙ አይመስለኝም።

ወደ እኛው ጉዳይ ልመለስ፤ በእንጀራም በነፍስም ብዬ ነበርና።

ጊችን አስቡ። አብዛኛው ነዋሪው ሙስሊም የሆነ፣ በ3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ገብስ እየዘራ የኖረ መንደር ነበር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ። ከምክንያቶቹ መካከል እርሻውና ግጦሹ በዋሊያው መኖሪያ ላይ ማጥበቡ ይገኝበታል። በ2016 የጊች ሰዎች ተነስተው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። መነሳታቸው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከነሱ ጋር የወረደው ዕውቀት ነው። የትኛው መደብ ውኃ ይይዛል፣ የትኛው ገደል በክረምት ድንጋይ ይጥላል፣ የትኛው ምንጭ በበጋ አይነጥፍም፣ ይህን ሁሉ የሚያውቁ አባቶች ዛሬ ደባርቅ ውስጥ አሉ። ልጆቻቸው ሞባይል ላይ ናቸው። ማንም ቁጭ ብሎ ካልጠየቃቸው ዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል።

ይህ ዕውቀት ለምን ነፍስ ነክ ሆነ? ቅድም ያልኩትን ደረጃ መሰል ቅርጽ አስታውሱ። ውኃ በተሰነጣጠቀው ላቫ ውስጥ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ሸክላ የሆነው ቀይ ወይም አመድማ ንብርብር ላይ ሲደርስ ማለፍ አይችልም፤ ወደ ጎን ሄዶ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መደቡ ላይ ምንጭ አለ፣ አፈር አለ፣ ሰውም እዚያ መንደር ይሠራል። ግን ያው ሸክላ ክረምቱ ሲበረታ ይለሰልስና እንደ ሳሙና ይሆናል፤ በላዩ ያለው ሸክም ሁሉ ይንሸራተታል። ውኃ የሚሰጠን ቦታና የሚንሸራተተው ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር ጠለምት ወረዳ የመሬት መንሸራተት ቢያንስ አሥር ሰዎችን ገደለ፣ ከ2,400 በላይ ሰዎችን አፈናቀለ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ በጎፋ የሆነውን ሁላችንም አይተናል፤ ከ200 በላይ ሰው፣ አብዛኛው የተቀበረውን ሊያወጣ የሮጠ።

ምልክቶች አሉ። ከቤት በላይ ባለው ዳገት ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ስንጥቅ መታየት፤ ዛፎችና የአጥር እንጨቶች ወደ አንድ ጎን መዝመም፤ ንጹሕ የነበረ ምንጭ ድንገት መደፍረስ ወይም ቦታ መቀየር፤ በደህና ጊዜ ይዘጋ የነበረ በር መጣበቅ። ይህን ያየ ሰው በዚያ ሌሊት እዚያ ማደር የለበትም፤ መጀመሪያ የተናደውን ለማውጣት የሚሮጠውም ከላይ ያለው ዳገት ረግቶ እንደሆነ ማየት አለበት። ከተማ ያለ ወጣት ገጠር ያለ አያት፣ አጎት፣ አክስት አለው። ለዒድ ሲሄድ ይህን ቢነግራቸው ከሚይዘው ስኳር በላይ ነው።

አፈሩም አለ። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲሠራ የአፈር መታጠብን ያጠና ሰው ነው። በኋላ ለኢትዮጵያ የታረሰ መሬት ያወጣው ግምት በዓመት በሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚል ነው፤ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በራስ ደጀን መለኪያችን ሳይሆን በእውነተኛው ሜትር! ከጥቁር ድንጋይ አንድ ሳንቲ ሜትር አፈር ለማግኘት ዘመናት ይፈጃል። የታጠበው በተከዜ በኩል ወደ አትባራ፣ ከዚያ ወደ ዓባይ ይሄዳል። የግብፅ ጥቁር አፈር አብዛኛው የኛ ተራራ ዱቄት ነው፤ ለሺህ ዓመታት እህል ያበቀለበት። ይህን ስናስብ ኩራት ብቻ ሳይሆን ቁጣም ሊሰማን ይገባል።

ስለ እንጀራው። የቱሪስት እንቅስቃሴው በወረርሽኙና በጦርነቱ ዓመታት ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ደባርቅ ያላችሁ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሲመለስ ግን ምን ይዘን እንጠብቃለን? ጎብኚው ጭላዳ ያያል፣ ዋሊያ ይፈልጋል፣ ጅብራ ሥር ፎቶ ይነሳል፤ ስለ ገደሉ ሲጠይቅ «ቮልካኒክ ነው» ተብሎ በአንድ ቃል ይሸኛል። ሞሮኮ ምጉንን እ.ኤ.አ. በ2014፣ ታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ ሌንጋይን በ2018 በዩኔስኮ ጂኦፓርክነት አስመዝግበዋል፤ ድንጋያቸውን የሚተርክ ሰው አሠልጥነው ከትረካው እንጀራ ይበላሉ። ለሊማሊሞ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ብዙ ገንዘብ አይደለም። መኪና በደህና ሊቆምበት በሚችል ሁለት ሦስት ቦታ በአማርኛ የተጻፈ ሰሌዳ፣ ለአስጎብኚዎች የጥቂት ቀን ሥልጠና፣ ከደባርቅና ከዳባት ትምህርት ቤቶች በዓመት አንድ ቀን ጉዞ። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም። ማን ይጠይቃቸው? እኛ ካልጠየቅን ማንም አይጠይቅም።

የጀመዓ ሪሕላ የምታዘጋጁ ወጣቶች ደግሞ ፈቃድ ደብዳቤ እስኪጻፍ መጠበቅ የለባችሁም። የሚቀጥለው ሪሕላ ሊማሊሞ ይሁን። ከጊች ከወረዱት አባቶች አንዱን አክብራችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የጂኦግራፊ መምህራችሁንም ለምኑት። እሳቸው ስለ ምንጩና ስለ ገደሉ ያውሩ፣ እሱ ስለ ንብርብሩ ያውራ፣ አንድ ሰው ይቅረጽ። እህቶችም አይቅሩ፤ የወፍጮ ድንጋይ መርጦ የሚያውቅ ማን ሆነና። ፓርኩ ክልል ውስጥ ድንጋይ መስበርም መውሰድም ክልክል ነው፣ ስለዚህ መዶሻ አያስፈልጋችሁም።

ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ግን ያዙ። ዝናብ ካባራ በኋላ በመንገዱ ዳር ውኃ የተወው ጥቁር አሸዋ አለ። ማግኔቱን እላዩ ላይ አንከባሉት፤ ፂም እንዳበቀለ ይሆናል። የሚጣበቀው ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ነው፤ ያንን የጥንቱን አቅጣጫ ይዞ የደረቀው እሱ ነው። ከማስነካታችሁ በፊት ግን ማግኔቱን በላስቲክ ጠቅልሉት፤ አለበለዚያ አሸዋውን ስታራግፉ ነው የምትመሹት።